ፕሌትሌት ብርድ አይወድም፦ ከደብረ ማርቆስ ላብራቶሪ

ፕሌትሌት ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ጥቃቅኑ የደም ሕዋስ ነው። የፕሌትሌቶችን መያያዝ በሚያሳየው ከርቭ፣ ማለትም መሣሪያው በሚስለው መስመር፣ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ የምኮራበትን አገኘሁ። ፕሌትሌቶችን የሚያነቃውን አራኪዶኒክ አሲድ ስጨምር መስመሩ ሽቅብ ወጣ። አስቀድሜ አስፕሪን የጨመርኩበት ቱቦ ግን ንቅንቅ አላለም። ሐምሌን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ስለከረምኩ ደስታዬን ለእናንተ ካላካፈልኩ አይሆንልኝም።

መድኃኒት የፕሌትሌቶችን መጣበቅ ምን ያህል እንደሚቀንስ የምለካው በብርሃን ነው። ጉስታቭ ቦርን እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳወቀው ዘዴ ነው። ፕሌትሌት የበዛበት ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ደፍራሳ ስለሆነ ብዙ ብርሃን አያሳልፍም። በ37 ዲግሪ እየተማሰለ ኤዲፒ ወይም ኮላጅን የተባለ ቀስቃሽ ሲጨመርበት ፕሌትሌቶቹ ተያይዘው ይቋጠራሉ፣ ፕላዝማው ይጠራል፣ ብርሃኑም ያልፋል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ አላስቸገሩኝም። ደሙን እንዳይረጋ ከሚያደርገው ከ3.2 በመቶ ሲትሬት ጋር ዘጠኝ ለአንድ መቀላቀሉን ቶሎ ለመድኩት። ፕላዝማውን በማሽከርከር በሚለየው ሴንትሪፊዩጅ ላይ ግን አንድ ነገር ልበላችሁ፦ «በደቂቃ 1000 ዙር» የሚል መመሪያ አትመኑ። የሮተሩ (የሚሽከረከረው ክፍል) ራዲየስ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ኃይሉ 112 ጂ (የመሬት ስበት 112 እጥፍ) ነው፣ 16 ከሆነ ደግሞ 179። በጂ ጻፉ። ከፋሲካ ማግስትም ደም አትቅዱ፤ ቅቤ የበላ ሰው ፕላዝማው ራሱ ወተት ይመስላልና መሣሪያው ይሳሳታል።

ያሰቃየኝ ሌላ ነው። ክረምቱ ሲገባ መስመሩ ምንም ሳልጨምር በራሱ መውጣት ጀመረ። ማማሰያው ገና ሲዞር ፕሌትሌቶቹ ይያያዛሉ። ኤዲፒውን ቀየርኩ፣ ቱቦውን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ደም የምትቀዳልኝን ልጅ ወቀስኳት፤ «ክንዱን በጎማ አጥብቀሽ እያቆየሽ ነው» አልኳት። እሷ «ኧረ ወዲያው ነው የምፈታው፣ ደሙም ሳይቆራረጥ ነው የሚወርደው» አለችኝ። አላመንኳትም። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

መልሱን ያገኘችው እሷው ናት። አንድ ጠዋት ቱቦውን ነካ አድርጋ «ይሄ ለምን እንዲህ ቀዘቀዘ?» አለች። ለካ ደሙን ከክሊኒክ ወደ ላብራቶሪ የማመላልሰው በበረዶ ሳጥን ነበር፤ ለሌሎች ምርመራዎች ስለለመድኩት ደም ሁሉ በበረዶ ይያዛል ብዬ አስቤ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቅርብ ክፍል ውስጥ ስለምንቀዳ ሳጥኑ አያስፈልገኝም ነበር፣ ችግሩም አልታየም።

ፕሌትሌት ሲቀዘቅዝ ቅርጹ ይለወጣል፣ ሳይጠሩት ይነቃል። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው የክፍል ሙቀት ነው መቆየት ያለበት። የደብረ ማርቆስ የሐምሌ ጠዋት ደግሞ ያለ በረዶም ክፍሉን ከዚያ በታች ያወርደዋል። አሁን ቴርሞሜትር ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ቱቦዎቹን በፎጣ ጠቅልዬ ነው የማመጣው።

አሁን ከሁሉ በላይ የማምነው መሣሪያ መስኮቱ ነው። ፕላዝማውን በብርሃኑ ፊት ይዤ ቀስ ብዬ አዘነብለዋለሁ። ጤነኛ ፕሌትሌት እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ስለሆነ ፈሳሹ ነፋስ እንደመታው የጤፍ ማሳ ይላወሳል፣ አንዴ ብልጭ አንዴ ድብዝዝ ይላል። ብርድ የመታው ግን ክብ ስለሚሆን ደፍርሶ ዝም ይላል። ያ መላወስ ካልታየኝ መሣሪያውን አልከፍትም። ገንዘብም አያስወጣም፣ ለምን በመጀመሪያው ቀን እንደማይነግሩን አይገባኝም።

እንደ አስፕሪን የፕሌትሌትን መጣበቅ የሚቀንሰውን ክሎፒዶግሬል ለመሞከር ለምታስቡ፦ ቱቦ ውስጥ መጨመሩ ልፋት ብቻ ነው። መድኃኒቱ ሥራ የሚጀምረው ጉበት ከለወጠው በኋላ ስለሆነ የሚለካው ከወሰደው ሰው ደም ላይ ነው። አስፕሪን ግን በቀጥታ ይሠራል። ደም የሚሰጣችሁን ሰው ደግሞ «ባለፉት አሥር ቀናት ለራስ ምታት ምን ወሰድክ?» በሉት፤ «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ካላችሁት አስፕሪኑን አይቆጥረውም። አንዴ አስፕሪን የነካው ፕሌትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን ያለውን ዕድሜውን እስኪጨርስ አያገግምም።

የሐምሌን ውጤት በሙሉ ጥዬዋለሁ። ልጅቷንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ሰኞ ኮላጅን እጀምራለሁ፤ እናንተ ፕላዝማውን ከማሽከርከር በኋላ ስንት ደቂቃ ታሳርፉታላችሁ? እኔ 30 ላይ ነኝ።