የሳሉ ኪኒን ለጉበት

ደሴ፣ ሆስፒታል ፋርማሲ ነው የምሠራው። አንድ ማታ ተረኛው ሐኪም ደወለልኝ። ከሐይቅ የመጣች ሴት ጥርሷን አሟት ፓራሲታሞል ደጋግማ ውጣለች። በላዩ የጉንፋን ኪኒን ጨምራለች። የጉንፋኑ ውስጥም ፓራሲታሞል እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። እያስመለሳት ነው፤ የጉበት ምርመራዋም ከፍ ብሏል።

ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ነው። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበት ውስጥ መርዝ ይፈጠራል፤ መርዙን የሚያከሽፈው ግሉታታዮን ያልቃል። አሴቲልሲስቲን እሱን ይተካል። በአንዴ ለተዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ መጀመር ነው ዋናው። የእሷ ግን ቀኑን ሙሉ ሲዋጥ የዋለ ነው፤ ሰዓት እየቆጠሩ መጠበቅ አይሆንም።

በደም ሥር የሚሰጠው እጃችን ላይ አልነበረም። አክታ ለማቅጠን የሚሸጠው፣ ውኃ ውስጥ የሚፈላው ባለ 600 ሚሊግራም ኪኒን ግን አለ። መድኃኒቱ ያው ነው። የእኛ ስላልበቃ ወንድሟ ፒያሳና ቧንቧ ውኃ ያሉትን ፋርማሲዎች አዳረሰ። ከሐኪሙ ጋር አሰላን፦ መጀመሪያ በኪሎ 140 ሚሊግራም፣ ከዚያ በየ4 ሰዓቱ በኪሎ 70 ሚሊግራም፣ 17 ጊዜ። ለ50 ኪሎ ሰው የመጀመሪያው ብቻ 12 ኪኒን ገደማ ነው።

ሽታው የገማ እንቁላል ነው። ክዳን ያለው ኩባያ አመጣንና በስትሮ ሰጠናት። «አብሽሪ እህቴ፣ ሳትተነፍሺ ሳቢው» አልኳት። ከጠጣች በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰች ያው መጠን ይደገማል፤ ስለዚህ ማስመለሱን የሚያቆም መርፌ ቀደመ። የየሰዓቱን መጠን በትልቁ ጽፌ ራስጌዋ ለጠፍኩ። ተረኛ ቢቀያየርም አንድም መጠን አልተዘለለም፤ ከሁሉ የጠቀመን እሱ ይመስለኛል። ጉበቷ አገገመ።

አሁን ፓራሲታሞል የሚገዛኝን ሁሉ «ሌላስ ምን እየወሰድክ ነው?» ሳልል አልሸጥም።

በኋላ አንዲት እናት መጡ። «ዶክተር፣ ልጄ ፀጉሯን ትነቅላለች። ይኼ የሳል ኪኒን ይረዳል አሉኝ።» የሰሙት መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ፀጉር በሚነቅሉ 50 አዋቂዎች ላይ ተሞክሮ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 56 በመቶው በጣም ተሻላቸው፤ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት 16 በመቶው ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2013 ልጆች ላይ ሲሞከር ግን ከባዶ ኪኒን አልተሻለም። ለድብርትና ለስኪዞፍሬንያም ተሞክሯል፤ ውጤቱ የተደበላለቀ ነው። ለፓራሲታሞል መርዝ ሳላመነታ እሰጣለሁ፤ ለአእምሮ ሕመም ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሸጥም።

«እትዬ፣ ለልጅ ይህን አልሰጥዎትም» አልኳቸውና የአእምሮ ጤና ክፍል ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ነርሷ ልጅቷን በኪኒን አልጀመረቻትም። እጇ ወደ ፀጉሯ ሲሄድ ምን እያደረገች እንደነበር በደብተር እንድትመዘግብ ነገረቻት።