ሠላሳ ሁለት ብዬ ጻፍኩ

ግንቦት ነው፣ ድሬዳዋ። የመድኃኒት መጋዘናችን ኤሲ ከተበላሸ ሳምንት አልፎታል። መጋዘን ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከፋርማሲው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ መስኮቷ ወደ ውጭ የሚከፈት የብረት መስኮት። ካርቶኖቹ ላይ ግን «ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ»፣ «ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» የሚል አለ። ጠዋትና ከሰዓት ቴርሞሜትሩን አይቶ መመዝገብ የኔ ሥራ ነው።

አለቃዬ ቱቦ ያለውን ተንቀሳቃሽ ኤሲ ገዝቶ አመጣ። ደስ አለኝ። አብሮት የመጣው የመስኮት ፕላስቲክ ግን ለተንሸራታች መስኮት የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ አይገጥምም። ቱቦውን በመስኮቱ አውጥተው ዙሪያውን በካርቶንና በፕላስተር ሸፋፈኑት። ፕላስተሩ በሙቀቱ ለቀቀ። ማሽኑ ሲያጓራ ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን ሳየው 32።

«አዲስ ኤሲ ገዝቼ እንዴት 32 ይሆናል?» አለኝ።

«መስኮቱ ክፍት ነው። ያስወጣው ሙቀት ተመልሶ ይገባል።»

«በቃ አሁን 25 ብለሽ ጻፊው። ነገ ይስተካከላል።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ድምፁን እንኳን ዝቅ አላደረገም፤ በር ዝጊ እንደሚል ሰው ነው ያለው። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ለልጇ ሽሮፕ የምትገዛ እናት ቴርሞሜትሬን አታይም። እኔን አምና ነው የምትሄደው።

«ያላየሁትን አልጽፍም» አልኩት።

«እንግዲያው አንቺው አስተካክዪው!» ብሎኝ ወጣ።

32 ብዬ ጻፍኩ። ከ25 በታች የሚሉትን ካርቶኖች፣ ቦታው የፈቀደውን ያህል፣ ኤሲው ወደሚሠራበት ወደ ፊተኛው ክፍል ወሰድኩ። ከዚያ ሰፈራችን ያሉ አንድ አናጢ ጋ ሄድኩ።

ጋሼ መስኮቱን ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ለኩት። ከላይና ከታች የአንድ ሴንቲ ልዩነት አለው። እኔ ብሆን አንዴ ለክቼ እቆርጥ ነበር። ኮምፔንሳቶውን በልኩ ቆረጡ። የቱቦውን አፍ ሰሌዳው ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ አሰመሩና በቀጭን መጋዝ ቀደዱት። ጠርዙን በስፖንጅ ለበጡት። የከሰዓት ፀሐይ ስለሚመታው የውጭውን ፊት ነጭ ቀለም ቀቡት። ማሽኑንም ወደ መስኮቱ አስጠጉት። «ቱቦው ራሱ ይግላል ልጄ። በረዘመ ቁጥር ክፍሉን ያሞቀዋል» አሉኝ።

በማግስቱ 28 ሆነ። ከዚያ ንቅንቅ አላለም።

ጋሼ ሳልጠራቸው መጡ። ሶፍት በቀጭኑ ቀደው በሩ ሥር ያዙት፤ ወደ ውስጥ ተሳበ። ወንበር ላይ ወጥተው የኮርኒሱ ጥግ ላይ ያዙት። የድሮው ኤሲ ገመድ የሚያልፍባት ቀዳዳ አለች። ሶፍቱ ከላይ እንደተነፋ ሁሉ ወደ ታች ተርገበገበ።

«ይኸው» አሉ። «ማሽኑ አየር ሲያስወጣ ክፍሉ ይጠማዋል። ሲጠማው ደግሞ ካገኘው ይጠጣል። ከቆርቆሮው ሥር የጋለውን እየጠጣ ነው።»

ቀዳዳዋን በስፖንጅ ወትፈው በሲልከን አሸጉ። እኔ የበሩን ሥር በጨርቅ ልደፍን ስል ከለከሉኝ። የሚወጣው አየር ምትክ ይፈልጋል፤ ከፊተኛው ክፍል ቀዝቃዛው ቢገባ ይሻላል ብለው።

በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ 24 ሆነ። ሁለቴ አየሁት። አለቃዬ መጥቶ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ምንም አላለኝም። የጋሼን ሒሳብ ግን ሳይከራከር ከፈለ።

ያቺ ገጽ ፋይሉ ውስጥ አለች። 32ቱም ከ24ቱ በላይ፣ በኔ እጅ ጽሑፍ፣ እንዳለ ነው።