የላይሰንሱ ክፍያ ሲቆም ዋይፋዩስ? በክላውድ ስለሚመሩ አክሰስ ፖይንቶች

በክላውድ የሚመራ ዋይፋይ፣ ማለትም ማሰራጫዎቹ (አክሰስ ፖይንቶቹ) በኢንተርኔት ላይ ባለ የአምራቹ ሰርቨር የሚስተካከሉበትን፣ ለመግዛት ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነትና ስለ ሽፋን ነው። ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ይህ ይመስለኛል፦ የዓመቱ የላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ክፍያ ያለቀ ቀን የሚቆመው ምኑ ነው? መልሱ ከአምራች አምራች በጣም ይለያያል።

መጀመሪያ አሠራሩን እናጥራ። የተጠቃሚው ዳታ በክላውዱ በኩል አይዞርም። ቪዲዮውም ፋይሉም ከአክሰስ ፖይንቱ ወደ ስዊቹ (የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚገናኙበት መሣሪያ)፣ ከዚያም ወደ ራውተሩ ያልፋል። ወደ ክላውድ የሚመላለሰው ሴቲንጉ፣ ሎጉና የአጠቃቀም መረጃው ነው። ስለዚህ ከክላውዱ ጋር ያለው ግንኙነት ቢቋረጥም መሣሪያው በመጨረሻ በተቀበለው ሴቲንግ ሥራውን ይቀጥላል፤ ቢሮ ውስጥ ያለው ፕሪንተርና ፋይል ሰርቨርም አይቋረጥም። የሚሰናከለው በክላውዱ ላይ የተንጠለጠለው ነገር ነው፦ የእንግዶች መግቢያ ገጽና እዚያው የሚረጋገጥ የተጠቃሚ ስም። የተጠቃሚውን ማንነት የሚያረጋግጠው የራዲየስ ሰርቨር በሕንፃው ውስጥ ከሆነ ሠራተኛው ልዩነቱን ላያስተውል ይችላል። ከግዢ በፊት ለሙከራ የሚሰጥ መሣሪያ ካገኛችሁ የኢንተርኔቱን ኬብል ለግማሽ ሰዓት ንቀሉና አዲስ ስልክ ለማገናኘት ሞክሩ። ከማንኛውም ብሮሹር የበለጠ ይነግራችኋል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ቅርንጫፍ ሲበዛ ነው። ሲሪያል ቁጥሩን ዳሽቦርድ (የክላውዱ ማስተዳደሪያ ገጽ) ላይ መዝግቦ፣ የዋይፋዩን ስም፣ የይለፍ ቃሉንና ቪላኑን (አንዱን ኔትወርክ የሚከፋፍለውን ክፍል) አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ዕቃውን እንደታሸገ መላክ ይቻላል። እዚያ ያለው ሰው ኬብሉን ከመሰካት ሌላ ሥራ የለበትም። በርቀት ችግር መፈለጉ ደግሞ ለእኔ ትልቁ ጥቅም ነው። «ዋይፋይ አልሠራ አለኝ» የሚል ስልክ ሲደወል፣ ጥሩ ዳሽቦርድ ላፕቶፑ የት ደረጃ ላይ እንደቀረ ያሳያል፦ ከአክሰስ ፖይንቱ ጋር መገናኘቱ ላይ፣ የይለፍ ቃሉ ላይ፣ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) መቀበሉ ላይ ወይስ የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ በሚቀይረው ዲኤንኤስ ላይ። አይፒ መቀበሉ ላይ ከቀረ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዋይፋዩ ሳይሆን በስዊቹ ፖርት ላይ ቪላኑ አለመፈቀዱ ነው። ይህን ለማወቅ ሰው ወደ ቦታው መላክ አያስፈልግም።

ሲሰካ የማይነሣበት ምክንያትም የታወቀ ነው። መሣሪያው ግንኙነቱን ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚጀምር ከውጭ ፖርት መክፈት አያስፈልግም፤ ወደ ውጭ ግን ቲሲፒ ፖርት 443፣ ዲኤንኤስና የሰዓት ማስተካከያው ኤንቲፒ መፈቀድ አለባቸው። የሲስኮው ሜራኪ በተጨማሪ ዩዲፒ ፖርት 7351 ይፈልጋል። የተመሰጠረ ትራፊክ ፈትቶ የሚመረምር ፋየርዎል ካለ የአክሰስ ፖይንቶቹን ቪላን ከምርመራው አውጡት፤ አለበለዚያ መሣሪያው የፋየርዎሉን ሰርተፊኬት አይቀበልም፣ ዳሽቦርዱም «ኦፍላይን» እንዳለ ይቀራል። የኃይል ነገርም አለ። የቆየ የፖኢ ስዊች (በኔትወርክ ኬብሉ ኃይል የሚሰጥ) በአንድ ፖርት የሚሰጠው 15.4 ዋት ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ አክሰስ ፖይንቶች የ30 ዋቱን ደረጃ ስለሚፈልጉ፣ ሲያንሳቸው ይነሡና የሬዲዮ አቅማቸውን ይቀንሳሉ። ዋይፋዩ እየሠራ ስለሚመስል ማንም ወዲያው አይጠረጥርም።

አሁን ወደ ክፍያው። በሜራኪ የቆየ የላይሰንስ አሠራር የድርጅቱ ላይሰንሶች ሁሉ ተደምረው አንድ ማብቂያ ቀን ይወጣላቸዋል። ያ ቀን ካለፈ የ30 ቀን የእፎይታ ጊዜ አለ፤ ከዚያ በኋላ ካልታደሰ ዳሽቦርዱ ይዘጋል፣ መሣሪያዎቹም ትራፊክ ማሳለፍ ያቆማሉ። ዕቃው የእናንተ ነው፣ ግን አይሠራም። አንዳንድ ሌሎች አምራቾች ዘንድ ዋይፋዩ በመጨረሻው ሴቲንግ ይቀጥላል፤ የሚቀረው ማስተዳደሩና ድጋፉ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሒሳቡን ለ5 ዓመት ሥሩት። የአንድ ዓመት ላይሰንስ የመሣሪያውን ዋጋ ሩብ ያህል ከሆነ፣ 4ኛው ዓመት ሲያልቅ ዕቃውን ሁለት ጊዜ ገዝታችኋል። ለሃያ ቅርንጫፍ ይህ ከቴክኒሻን ጉዞ ሊረክስ ይችላል። አንድ ሕንፃና አስር አክሰስ ፖይንት ላለው ድርጅት ግን አልመክርም። የዩቢኪቲው ዩኒፋይ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነፃ ኮንትሮለር (አክሰስ ፖይንቶቹን የሚመራ ፕሮግራም) አለው፤ የቲፒ-ሊንኩ ኦማዳ ያለ ዓመታዊ ክፍያ የሚሠራ ትንሽ የኮንትሮለር ዕቃ ይሸጣል፤ ማይክሮቲክ ደግሞ ካፕስማን የተባለውን የራሱን ኮንትሮለር በራውተሩ ውስጥ አካቶ ይሰጣል። በእርግጥ እነዚህ ጊዜ ይፈልጋሉ፦ ባክአፑም፣ ፈርምዌር (የመሣሪያው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ማደሱም፣ ኮንትሮለሩን መጠበቁም የእናንተ ሥራ ይሆናል።

ክላውድ ማለት የሌላ ሰው ሰርቨር መሆኑም አይዘንጋ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በዩቢኪቲ ክላውድ ላይ በተፈጠረ የማዋቀር ስህተት አንዳንድ ደንበኞች የሌሎችን መሣሪያዎች ማየት ችለው ነበር። ስለዚህ የአስተዳዳሪ አካውንት ሁሉ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይኑረው፤ አካውንቱም በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል አይከፈት። ሰውየው ሥራ ሲለቅ ኔትወርኩን ይዞት ይሄዳል። ፈርምዌር በራሱ የሚታደስበትን ሰዓት ሌሊት ላይ አድርጉት፤ የሚቻል ከሆነም አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክራችሁ ሌሎቹን ከሳምንት በኋላ አስከትሉ።

ላይሰንሱ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው ለማደስ ወይም ለመውጣት ወስኑ። የምትወጡ ከሆነ ዳሽቦርዱ ሳይዘጋ የዋይፋይ ስሞቹን፣ የቪላን ቁጥሮቹን፣ የራዲየስ አድራሻዎቹንና የቻናል ምደባውን ወደ ፋይል ገልብጡ። መሣሪያዎቹን ለሌላ ከመሸጣችሁ በፊትም ከአካውንታችሁ አስወጧቸው። ያገለገለ የምትገዙ ከሆናችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሲሪያሉን በራሳችሁ አካውንት መዝግባችሁ ሞክሩ፤ የቀድሞው ባለቤት ካላስወጣው ዳሽቦርዱ አይቀበለውም፣ ፋብሪካ ሪሴት ማድረግም አይፈታውም።