ከዋርድ ተራ ጋር የሚሄድ እንቅስቃሴ፦ የ8 ሳምንት ማስታወሻ ለነርሲንግ ተማሪዎች

ደብረ ብርሃን ላይ የነርሲንግ ተማሪ የስፖርት ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በስንፍና ሳይሆን ከዋርድ ተራ (በሆስፒታል የሕመምተኞች ክፍል ከሚሠራው የቀንና የሌሊት ፈረቃ) ጋር ስለማይገጥም ነው። «በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት» ተብሎ የተጀመረ ሩጫ የመጀመሪያዋ የሌሊት ተራ ላይ ይቋረጣል፤ ከተቋረጠ መመለሱ ይከብዳል። ስለዚህ እንቅስቃሴው በሰዓት ሳይሆን በተራው ይታሰር፦ የቀን ተራ ካለ ከዋርድ እንደወጡ፣ የሌሊት ከሆነ ከእንቅልፍ በኋላ፣ ክፍል ብቻ ባለበት ቀን ጠዋት።

የሚደረስበት ልክ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። «ቀኑን ሙሉ ዋርድ ቆሜ ውያለሁ፣ ይበቃኛል» የሚል ሐሳብ ብዙዎችን ያሳስታል። ከአልጋ አልጋ የሚደረገው እርምጃ ቆም ቆም ስለሚል የልብ ምትን ከፍ አድርጎ አያቆይም። መቆሙ እግር ያሳብጣል፣ ወገብ ያደክማል፤ ሳንባንና ልብን ግን እምብዛም አያሠለጥንም።

1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ 20 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ፣ በሳምንት 5 ቀን። ከዚህ አይለፍ። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከሌላ ቆላ የመጣ ተማሪ ትንፋሹ ቶሎ የሚያጥረው የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚልና በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚያንስ ነው። ሰውነቱ እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሰጠው። የፍጥነቱ መለኪያ ቀላል ነው፤ እየተራመዱ ማውራት መቻል፣ መዝፈን ግን አለመቻል። ማውራትም ካቃተ በዝቷል።

3ኛና 4ኛ፦ 30 ደቂቃ፣ 5 ቀን። 150ው ሞላ።

5ኛና 6ኛ፦ እርምጃው እንዳለ ሆኖ በሳምንት 2 ቀን የጡንቻ ሥራ ይጨመር። ቁጢጥ ብሎ መነሳት 10 ጊዜ፣ ፑሽ አፕ 8 ጊዜ (ካቃተ እጅን ግድግዳ ላይ አድርጎ)፣ ተረከዝ ማንሳት 15 ጊዜ፤ ሁሉም 3 ዙር፣ በዙር መካከል 1 ደቂቃ እረፍት። ለነርስ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የጀሪካን ልምምድ ነው። 5 ሊትር ውኃ 5 ኪሎ ይመዝናል። እግር በትከሻ ስፋት ተከፍቶ፣ ጉልበትና ዳሌ ታጥፎ፣ ጀርባ ሳይጎብጥ ጀሪካኑን ወደ ሰውነት አስጠግቶ ማንሳት፣ 10 ጊዜ። ሕመምተኛ ሲገለበጥም ይኸው ነው፤ ሁለት ሰው ሆኖ ከሥር ያለውን አንሶላ መያዝ፣ በእግር መዞር እንጂ ወገብን አለመጠምዘዝ። የወገብ ሕመም ከነርስነት ጋር ለዓመታት የሚከተል ችግር ስለሆነ ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው አጥብቀን እንመክራለን።

7ኛና 8ኛ፦ 35 ደቂቃ፣ ከ5ቱ ቀን ሁለቱን ዳገት ባለበት።

ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይጥላል። 5 ደቂቃ ቤት ውስጥ ተሟሙቆ መውጣት፣ አፍንጫና አፍን በሻርፕ መሸፈን፣ ሲመለሱ ላብ የነካውን ካናቴራ ወዲያው መቀየር። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር አስም ያለበትን ሰው ሕመሙን ይቀሰቅስበታል፤ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ካለ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት ያዛውር፣ ሕክምናውንም ያስተካክል።

መዝገቡ አንድ ደብተር ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ሁለት ጣት በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓ ላይ አድርጎ ምቱን ሙሉ 60 ሴኮንድ መቁጠር፤ በአውራ ጣት አይቆጠርም፣ የራሱ ምት ያደናግራል። አንዱ መስመር እንዲህ ይጻፋል፦ «ማክሰኞ፣ የቀን ተራ፣ ምት 68፣ እርምጃ 30 ደቂቃ፣ እንቅልፍ 7 ሰዓት»። ምቱ ከሳምንቱ ልማድ በ10 ከበለጠ ያን ቀን ማረፍ ነው፤ ድካም፣ የእንቅልፍ እጦት ወይም ሕመም ሊሆን ይችላል። ሳምንቱ ሲያልቅ ከትውስታ የሚሞላ ደብተር ዋጋ የለውም፤ ደቂቃው ሁልጊዜ በዝቶ ይጻፋል።

ምግብ ላይ ትልቁ ቀዳዳ ሻይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው፤ በ3 ማንኪያ 4 ሻይ የጠጣ ሰው 48 ግራም ደረሰ፣ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው የሚመከረው ጣሪያ ደግሞ 50 ነው። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን አይረን እንዳይገባ ይቀንሳሉ፤ በተለይ ሴቶች ከምግብ 1 ሰዓት አርቀው ቢጠጡ፣ ምስሩ ላይም ሎሚ ቢጨምቁ ይሻላል። ለቁርስ በሶ ወይም ቅንጬ ከዳቦና ሻይ ይልቅ ረሃብ ያስታግሣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ተማሪ ቀለል ያለውን እርምጃ ከመብላቱ በፊት ማድረግ ይችላል፤ የጀሪካኑን ሥራ ግን ከበላ ከ2 ሰዓት በኋላ ያድርገው።

የሌሊት ተራ ላይ የተጠጣ ቡና ካፌይኑ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ገና ግማሽ ያህሉ ሰውነት ውስጥ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የሚተኛ ሰው የመጨረሻውን ቡና ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት ይጠጣ። ከተራ እንደወጡ ሩጫ የለም፤ መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ሲነሱ 15 ደቂቃ ፀሐይ ላይ እርምጃ፣ ደብተሩም ላይ 15 ተብሎ ይጻፍ።