በማን ወጣ?

«ልጁ በአባቱ ነው የወጣው» የሚል ንግግር ጥርስ በሚታይበት ክፍል ሳይሰማ አይውልም። አያት አብረው ከመጡ ደግሞ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈን ያደርጋሉ። ለጥርስ አስተካካይ ግን የአያት አፍ ከራጁ ቀድሞ መታየት ያለበት ማስረጃ ነው። ማን ገጣጣ ነበር? የማን አገጭ ወጣ ያለ ነው? የማን ጥርስ ሳይበቅል ቀረ? እስከ ሦስት ትውልድ መጠየቅ ያዋጣል፤ የድሮ ፎቶግራፍ ካለ ደግሞ ይበልጥ። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ከመልሱ በኋላ ነው፤ በቤተሰብ የተደጋገመ ነገር ሁሉ በዘር የመጣ አይደለምና።

የመንጋጋ አጥንት ቅርጽና መጠን፣ የጥርስ ቁጥርና ትልቅነት በአብዛኛው በዘር ይመራሉ። ጥርሶች በረድፋቸው የሚይዙት ቦታ ግን የምላስና የከንፈር ግፊት፣ ጣት መጥባት፣ በአፍ መተንፈስ፣ ያለጊዜው የተነቀለ የወተት ጥርስ ይበልጥ ይገዛዋል። «የእናቱን ጠባብ መንጋጋና የአባቱን ትልልቅ ጥርስ ወርሶ ነው የተደራረበበት» የምትለውን ማብራሪያ እኛ ባለሙያዎችም እንወዳታለን። ውርስ ግን እንደ መሬት ክፍፍል ይህ ለዚህ፣ ያ ለዚያ ተብሎ አይታደልም፤ በመንጋጋውም በጥርሱም ላይ የሁለቱም ወገን ብዙ ጂኖች አብረው ይሠራሉ።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያወሳስበው የክራንቻ ጉዳይ ነው። ሕፃኑ ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰውና ሲያስመልሰው ግግ ወጣበት ተብሎ ድዱ ይቆፈራል፤ የሚወጣው ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ነው። የቋሚው ክራንቻ ጥርስ መጠንከር የሚጀምረው በ4 እና 5 ወር ዕድሜ አካባቢ፣ እዚያው ሥር ስለሆነ መሣሪያው ሁለቱንም ሊያገኛቸው ይችላል። ከዓመታት በኋላ ልጁ 12 ወይም 13 ሲሞላው ክራንቻው ይጎድላል፣ ወይም ተጣሞና ገጽታው ተቦርቡሮ ይበቅላል፤ የፊት ጥርሶቹም ወደ ባዶው ቦታ ስለሚሸሹ መሐል መስመሩ ወደዚያ ይዞራል። አራቱም ወንድማማቾች እንዲህ ከሆኑ «የዘር ነው» ይባላል። አራቱንም ወደ አንድ አውጪ የወሰዷቸው አንድ አያት ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን ማንም አያነሳም። በዘር የሚጎድለው ቋሚ ጥርስ ብዙውን ጊዜ የጥበብ ጥርስ፣ ከክራንቻ ኋላ ሁለተኛው ወይም ከላይ ከመሐል ጥርሶች ጎን ያለው ነው፤ ክራንቻ ብቻውን በዘር መጥፋቱ ብርቅ ነው። ስለዚህ የታች ክራንቻ ብቻ ጎድሎ ሌላው ሁሉ ሙሉ ከሆነ ጂን ከመፈለግ በፊት እናትን ቀስ ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ሳይወቅሱ፣ ምክንያቱም ከወቀሱ እውነቱ አይነገርም። ከስምጥ ሸለቆ ተመልሰው በጎጃም የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆች ሁሉ ጥርሳቸው ቡናማ ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ እንጂ የአባት ዘር አይደለም።

ከላይ ያለው ክራንቻ ሌላ ታሪክ አለው። ከፊት በኩል ጎኑ ያለው ጥርስ ትንሽና ሾጣጣ ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ፣ ክራንቻው ወደ ላንቃ የመሸሽ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ይህ በቤተሰብ ይሄዳል። ልጁ 10 ዓመት ሲሞላው ከወተት ክራንቻው ሥር በላይ ድዱን በጣት መዳሰስ ነው። ሊበቅል የተቃረበው ቋሚ ክራንቻ እብጠት በአንድ ወገን ብቻ ከተገኘ ራጅ ይነሣ። በጊዜው ከተደረሰበት የወተት ክራንቻውን መንቀል ብቻውን ቋሚውን ብዙ ጊዜ ወደ መንገዱ ይመልሰዋል፤ ቦታ እስካለው ድረስ።

ውርስ በጉልህ የሚታየው ወደ ፊት በወጣ የታች መንጋጋ ላይ ነው። የአውሮፓ ነገሥታት የሃብስበርግ ቤተሰብ በዚህ ይታወቃል፤ የስፔኑ ቻርልስ 2ኛ (1661–1700 እ.ኤ.አ.) ምግብ በወጉ ማኘክ አይችልም ነበር። ወላጆቹ አጎትና የእህት ልጅ ነበሩ። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያጋባ የጎጃም ሽማግሌ ይህን ቢሰማ የሚለው አያጣም። የዘመድ ጋብቻ ሳይኖርም ግን አገጩ በትውልድ ይወርዳል።

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚደረገው ልጁን ምላሱን ወደ ላንቃው ኋላ አጥፎ ቀስ ብሎ እንዲገጥም ማድረግ ነው። የፊት ጥርሶቹ ጫፍ ለጫፍ ከተነካኩ በኋላ መንጋጋው ወደ ፊት የሚንሸራተት ከሆነ አብዛኛው ችግር የአገጣጠም ነው፤ በቀላሉ ይታረማል። ሳይንሸራተት ከገጠመ አጥንቱ ራሱ ነው። ከ10 ዓመት በታች ከሆነ የላይኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚስብ የፊት መጎተቻ ይሠራል፤ በቀን 12 እስከ 14 ሰዓት፣ በየጎኑ ከ300 እስከ 500 ግራም በሚደርስ ጉልበት፣ ለወራት። አባትና አያት ጠንካራ አገጭ ካላቸው ግን የተገኘው በጉርምስና ዕድገት ሊመለስ እንደሚችል ለቤተሰቡ አስቀድሞ ይነገር። ከዚያ በኋላ በ14 ዓመቱ ሽቦ ማሰር ከሞጣ ወይም ከቢቸና በየወሩ የሚመላለስ ቤተሰብን ገንዘብ ማባከን ነው። በዓመት አንዴ የጎን ራጅ እያነሡ ዕድገቱ መቆሙን ማየት፣ ካስፈለገም ቀዶ ሕክምናውን ለሴት ከ17፣ ለወንድ ከ19 ዓመት በኋላ ማቀድ ይሻላል።

ስለ ጎደሉ ጥርሶች አንድ ነገር ብቻ። ተተኪ እንደሌለው በራጅ የታየ የወተት መንጋጋ ጥርስ ሥሩ እስካልተበላ ድረስ አይነቀል፤ አሥርት ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። 6 እና ከዚያ በላይ ቋሚ ጥርስ ሲጎድል የፀጉርንና የላብን ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ነገሩ ከአፍ አልፎ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው የማይበቅለው መንጋጋ ጥርስ ነው። አጥንቱ ከላዩ ተከፍቶለት፣ መንገዱም ባዶ ሆኖ የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ባለበት ከቀረ፣ ከኋላው ያሉትም እንደዚያው ከሆኑና ከወላጆች አንዱ ተመሳሳይ ክፍተት ካለው፣ ፒቲኤች1አር የሚባለው ጂን ይጠረጠራል። ይህን ጥርስ በሽቦ መሳብ አይቻልም። ከተሳበ ጥርሱ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ይደርቃል፣ በአጸፋው ጤነኞቹ ጎረቤቶቹ ወደ አጥንቱ ይሰምጣሉ፣ ክፍተቱም ይሰፋል። ከዋናው ሽቦ ውጭ ትቶ ሌላውን ማስተካከል ነው።

የሥር መበላትም በቤተሰብ ይታያል። ታላቅ እህቱ በሽቦ ሥራ ሥሯ አጥሮ ከሆነ፣ የታናሹ የፊት ጥርሶች ከተጀመረ ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ በራጅ ይታዩ፤ ማጠር ካለ ሽቦው ሳይጎትት ከ2 እስከ 3 ወር ይረፍ።

ፍንጭትም ይወረሳል፣ ግን ውበት ነው፤ የሚያስዘጋ ሰው ከኋላው የሚጣበቅ ቀጭን ሽቦ ሳይነሣለት መኖሩን ይቀበል፣ አለበለዚያ ተመልሶ ይከፈታል። ሌላው ጥርሷ እንዲስተካከል፣ ፍንጭቷ ግን እንዲቀር የምትፈልግ ሴት ደግሞ ሽቦው ከመታሰሩ በፊት ትናገር፤ ክፍተቱ ከመጀመሪያው ተለክቶ ይያዝላታል።