የ58ቷ ቮልስ

ሰኔ መግቢያ ላይ አንዲት ቮልስ በገመድ ተጎትታ ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ ጋራዥ ገባች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ የዓባይን በረሃ ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው ወደ ደጀን ሲወጡ ዳገቱ አጋማሽ ላይ የዘይቱ መብራት በራ። ደጀን ቅርብ ነው ብለው ነዱ። ከተማው ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ሞተሩ እንደ ሙቀጫ ይወቅጥ ጀመር፤ ከዚያም ጠፋ።

ዋና መካኒኩ ምንም ሳይፈታ ከኋላ በኩል ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ሳበው፤ መልሶ ገፋው። ኮሎው፣ ማለትም ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ እየተንሸራተተ ሲመታ በጆሮ ይሰማል። በሰዓት መለኪያ፣ ማለትም መርፌ ባለው የልክ መሣሪያ፣ ሲታይ 0.60 ሚሊ ሜትር ይጫወታል። በዚህ ሞተር ላይ የሚፈቀደው ከ0.07 እስከ 0.13 ነው፤ 0.15 ካለፈ ሞተሩ መከፈት አለበት። ሲከፈትም ብሮንዚኖቹ፣ ማለትም ኮሎው የሚዞርባቸው ቀለበቶች፣ ተበልተው፣ የተቀመጡበት የሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ቤትም ተቀጥቅጦ ሰፍቶ ተገኘ።

እዚህ ያደረሰውን ነገር መናገር ተገቢ ነው፤ ዓባይ በረሃ ላይ ቮልስ የሚገድለው ሁልጊዜ ይኸው ነውና። የቮልስ ሞተር ውኃ የለውም። የሚቀዘቅዘው በነፋስና በ2.5 ሊትር ዘይት ነው። ነፋሱን የሚሰጠው ማራገቢያ በቺንጋ ከኮሎው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ነፋሱም ይቀንሳል። ስለዚህ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚያስወጣ ዳገት ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ በከፍተኛ ማርሽ እያስጨነቁ መውጣት፣ ብዙ ነፋስ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነፋሱን መንሳት ነው። በዚህችኛዋ ላይ ደግሞ ሞተሩን ዙሪያውን የሚሸፍኑት ቆርቆሮዎች ሁለቱ የሉም፤ ቆርቆሮውን ከቦዲው ጋር የሚያገጥመው ጎማም አልቋል። ከታች ከሲሊንደሮቹ ተባሮ የወጣው ትኩስ አየር በዚያ ክፍተት ተመልሶ ወደ ማራገቢያው ይገባል። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቮላም፣ ማለትም የጭስ መውጫውን የሚከፍትና የሚዘጋው፣ ተቃጥሏል። በእነዚህ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ስለሚቆም ወደዚያ የሚደርሰው ነፋስ አስቀድሞ ሞቆ ነው የሚደርሰው። ቆርቆሮ ሲጎድል መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

ዕቃ ፍለጋው ሲጀመር መምህሩ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ የሚኖር የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ደወሉ። በዚያ ግዛት ሄርሺ በምትባል ከተማ በየዓመቱ መስከረም ማለቂያ ግድም የአሜሪካ የጥንታዊ መኪኖች ክለብ የሚያዘጋጀው ታላቅ የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ መደቦች በሜዳ ላይ ይዘረጋሉ፤ ሰው ለቀናት በእግሩ እየዞረ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ይለዋወጣል። የሚበዛው የአሜሪካ መኪና ዕቃ ቢሆንም የጀርመኑም አይጠፋም።

“ጋሼ፣ መኪናዋ የስንት ናት?”

“የ58 ናት ልጄ። አባባ በ58 ነው የገዛት።”

“እሺ ጋሼ፣ 58።”

ስልኩ ተዘጋ። ከዚህ በቀር የተባባሉት ነገር የለም፤ ስህተቱም በሙሉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ዕቃው ታኅሣሥ ላይ በመንገደኛ ሻንጣ መጣ። ካርቶኑ ሲከፈት አራት ፒስቶን ከነሲሊንደሩ፣ አንድ ሙሉ ብሮንዚንና የፊት እግር ፒኖች ተገኙበት። ሁሉም ያልተነኩ ናቸው። መካኒኩ ካሊበር አምጥቶ የሲሊንደሩን ውስጥ ለካ፤ 77 ሚሊ ሜትር። የመኪናዋም 77 ነው። ጋራዡ በደስታ ተሞላ። ቀጥሎ ብሮንዚኑን ለካ። ውስጡ 50 ሚሊ ሜትር ነው። የመኪናዋ ኮሎ ግን ምንም ሳይነካ 55 ነው። 50 ቀዳዳ ውስጥ 55 ዘንግ በምንም ብልሃት አይገባም።

መምህሩ 58 ሲሉ በእኛ አቆጣጠር 1958 ዓ.ም. ማለታቸው ነበር። ልጁ የሰማው የፈረንጆቹን 1958 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ስምንት ዓመት ለቮልስ ብዙ ነው፤ መልኳ ከሩቅ ስላልተለወጠ ብቻ ያው ትመስላለች። የ1958 ፈረንጆቹ ቮልስ ሞተር 1200 ሲሆን የፒስቶኑ ምት፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ የሚሄደው ርቀት፣ 64 ሚሊ ሜትር ነው። የ1966 ሞዴሉ 1300 ምቱ 69 ነው። የሲሊንደሩ ስፋት በሁለቱም 77 መሆኑ ነው ሰውን የሚያሳስተው። የሞተሩ ጉልበት የተጨመረው ሲሊንደሩን በማስፋት ሳይሆን ምቱን በማርዘም ስለሆነ፣ ስፋቱን ብቻ የለካ ሰው ትክክል መስሎት ይሄዳል። የፊት እግሩም ቢሆን የቀድሞዎቹ በፒን ሲንቀሳቀሱ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ በኳስ መገጣጠሚያ ነው፤ የመጣው ፒን የሚገባበት ቦታ እንኳ የላትም።

እንግዲህ የመኪና ዕድሜ የሚጠየቀው ባለቤቱ ሳይሆን ብረቱ ነው። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ በወለሉ መካከል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቷል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ዘጠኝ አኃዝ ሆኗል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የመኪናውን ዓይነት፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ይናገራሉ። የዚህችኛዋ በ116 ይጀምራል። 11 ተራው ቮልስ ነው፤ 6 ደግሞ 1966። ፋብሪካው አዲሱን ሞዴል መሥራት የሚጀምረው ከዓመቱ ቀደም ብሎ በኦገስት ስለሆነ፣ በእኛ 1958 መጀመሪያ የተገዛች ቮልስ የ1965ም የ1966ም ሞዴል ልትሆን ትችላለች። የተገዛችበትን ቀን በትክክል ማወቅ እንኳ አይበቃም ማለት ነው።

የሻንሲ ቁጥርም ብቻውን አይበቃም። አገራችን ያሉ ቮልሶች ሞተራቸው አንድ ሁለት ጊዜ ያልተቀየረ ጥቂት ናቸው። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ሞኖብሎኩ ላይ ይገኛል፤ በነዳጅና በአቧራ ስለሚሸፈን በሽቦ ብሩሽ መጠረግ አለበት። በእነዚያ ዓመታት ከቁጥሩ ፊት ያለው ፊደል ‘ዲ’ ከሆነ 1200፣ ‘ኤፍ’ ከሆነ 1300፣ ‘ኤች’ ከሆነ 1500 ነው። የመምህሩ ‘ኤፍ’ ነው፤ ከመኪናዋ ጋር የተወለደ።

መካኒኩ ይህን ሁሉ ለመምህሩ ካስረዳቸው በኋላ፣ “ጋሼ፣ በሬ ሲገዙ ዕድሜውን ሻጩን ጠይቀው ነው?” አላቸው።

“ኧረ ጥርሱን ሳላይ!” አሉ።

ያን ቀን አንድ ገጽ ወረቀት ተጻፈ። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከነፎቶው፤ ቀጥሎ “የ1966 ሞዴል በአውሮፓ አቆጣጠር” የሚል በደማቁ ተሰመረበት። ከዚያም ልኮች። ኮሎው አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ሄዶ በ0.25 ተጠርቦ ነበር። ሞኖብሎኩም የብሮንዚን ቤቱ ተቀጥቅጦ ስለነበር በ0.50 ሰፍቷል። ፋብሪካው ያወጣው ልክ 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሁን 65.50 ሆኗል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ብሮንዚን ከውስጥ በ0.25 የጠበበ፣ ከውጭ በ0.50 የወፈረ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ይናገርና ሁለተኛውን ይረሳል። መርካቶ ሱማሌ ተራ በ0.25 የሚል ብሮንዚን ተገኝቶ ነበር፤ ውጩ ግን ያልወፈረው ሆነና ቤቱ ውስጥ ሲቀመጥ ይንቀሳቀሳል። እንዲያ ተደርጎ ቢገጠም ኖሮ በሁለት ወር ውስጥ ያው ሙቀጫ ይመለስ ነበር።

ትክክለኛው ብሮንዚን የተገኘው ከገበያ ሜዳ ሳይሆን አዲስ ከሚሸጥ ሱቅ ነው፤ ልጁ አዞ ላከው። የቮልስ ብሮንዚን፣ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያግድ የጎማ ቀለበት) ዛሬም በአዲስ ይመረታል። በዓመታዊ ገበያ ላይ እነዚህን ከአሮጌ ካርቶን መግዛት ትርፉ ድካም ነው። ጎማ ነክ ነገር ሁሉ፣ የፍሬን ላስቲክም ሆነ ፓራኦሊዮ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ቢቆይም ውስጡ በዕድሜ ይደርቃል፤ በጣት ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ፓራኦሊዮ በመጀመሪያው ሳምንት ያፈሳል። ካርቶን ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው የማይገናኝበትም ጊዜ ብዙ ነው።

የእንዲህ ያለ ገበያ እውነተኛ ሀብቱ ሌላ ነው፤ አሁን የማይሠራው ወይም ሲሠራ የሚሳሳው ብረት። የሞተር ዙሪያ ቆርቆሮ፣ የነፋስ ቤት፣ የካርቡራቶር አካል፣ የበር መያዣ፣ የ6 ቮልት ዕቃ። ለዚህ የሚሄድ ሰው ካሊበር፣ ትንሽ ማግኔት፣ የእጅ መብራትና ያን ወረቀት ይዞ ይሂድ። ማግኔቱ ቆርቆሮው ላይ የማይይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር በስቱኮ የተሞላ ቀዳዳ አለ። ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ከሆነ በሁለቱ የቫልቮላ መቀመጫዎችና በካንዴላው ቀዳዳ መካከል ያለውን በመብራት ማየት ነው፤ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነው። የፋብሪካው ቁጥር ካለበትም ይነበብ። የቮልስ የዕቃ ቁጥር ሦስት ሦስት አኃዝ ሆኖ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ሦስት ዕቃው መጀመሪያ የተሠራለትን መኪና፣ የሁለተኛው ሦስት መጀመሪያ አኃዝ ደግሞ ክፍሉን ይናገራል። 1 ሞተር፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት እግር፣ 6 ቸርኬና ፍሬን፣ 9 ኤሌክትሪክ ነው። በ211 የሚጀምር ለሚኒባሱ የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ ለትንሿም ይሆናል፣ ሳይለኩ ግን አይወሰድም። ሻጩ ማታ ድንኳኑን ነቅሎ ሌላ ግዛት ስለሚሄድ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሻንጣ ከ23 ኪሎ አይበልጥም፤ አራት የማይሆኑ ሲሊንደሮች የሌላ ዕቃ ቦታ ይወስዳሉ።

ሞተሩ የተገጠመው ሚያዝያ ላይ ነው። ብሮንዚኖቹ አራት ሲሆኑ ቁጥር 2 ብቻ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሌሎቹ ሙሉ ቀለበት ናቸው፤ ቁጥር 3 ባለ ጥርሱ ጎማ ኮሎው ላይ ከመግባቱ በፊት መግባት አለበት። እያንዳንዱ በሞኖብሎኩ ውስጥ ባለች ትንሽ ፒን ላይ ይቀመጣል። ፒኗ ቀዳዳዋን ካላገኘች ሁለቱ የሞኖብሎክ ገጾች ሲጠብቁ ብሮንዚኑ ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ ከመዝጋት በፊት የቀዳዳውን ቦታ ከላይ በጭረት ምልክት ማድረግ ግድ ነው። ከተዘጋ በኋላ ኮሎው በእጅ መዞር አለበት። እምቢ ካለ ይከፈት እንጂ በቁልፍ አይገደድ።

የኮሎው ጨዋታ የሚስተካከለው ከቮላኖው (በኮሎው ጫፍ ከሚታሰረው ከባድ የብረት ጎማ) ጀርባ በሚገቡ ሦስት ስስ ሮንዴላዎች ነው። መጀመሪያ ያለ ፓራኦሊዮ በሁለት ብቻ ቮላኖው ይጠብቃል፤ በሰዓት መለኪያ የተገኘው ጨዋታ ላይ 0.10 ተቀንሶ የሚቀረው የሦስተኛው ሮንዴላ ውፍረት ይሆናል። በዚህችኛዋ 0.42 ስለተነበበ 0.32 ገባ። ከዚያ ፓራኦሊዮው ተገጥሞ የቮላኖው ዳዶ በ36 ቁልፍ፣ በ300 ኒውተን ሜትር ጠበቀ። ለዚህ የሚሆን መለኪያ ያለው ቁልፍ የሌለው ጋራዥ ቢዋስ ይሻለዋል፤ በግምት የጠበቀ ዳዶ ይላላና ቮላኖውንም የኮሎውንም ጫፍ ይበላል። በመጨረሻ የተነበበው ጨዋታ 0.10 ሆነ። ቫልቮላው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በ0.15 ተስተካከለ፤ ፑንቲናው (የካንዴላውን ብልጭታ የሚያስነሳው መክፈቻና መዝጊያ) በ0.4።

የጎደሉት ሁለት ቆርቆሮዎች ለጊዜው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከግልቫናይዝድ ላሜራ ተቆርጠው ተሠሩ። ገጥመዋል፤ ጠርዛቸው ግን ከሲሊንደሩ ጋር በደንብ ስለማይጣበቅ ነፋስ ያስመልጣሉ። መምህሩም እስከ መስከረም ዓባይን እንዳይወርዱ ተነገራቸው፤ አልወረዱም። ልጁ በሚቀጥለው ገበያ ወረቀቱን ኪሱ አድርጎ ሄደ። ወረቀቱ ላይ “ከ1971 ሞዴል ወዲህ ያለው የነፋስ ቤት ማቀዝቀዣው ሌላ ቦታ ስለሆነ አይሆንም” የሚል ተጨምሮበታል። ሁለቱን ቆርቆሮዎች ካንድ መደብ፣ አንዱን ዝገት ስላለበት በርካሽ አገኘ። ጥቅምት ላይ ደርሰው ተቀቡና ተገጠሙ። የማሸጊያው ጎማ አዲስ ነው፤ ከሱቅ።

ኅዳር ላይ ቮልሷ ከድልድዩ እስከ ደጀን ግማሹን በሁለተኛ፣ ግማሹን በሦስተኛ ማርሽ ወጣች። ደጀን ላይ ቆማ ዘይቱ ሲለካ ከነበረበት አልወረደም። የመጀመሪያው ዘይት በ500 ኪሎ ሜትር ተቀየረ፤ ወንፊቱ ላይ የተገኘው ከወትሮው የአዲስ ሞተር ብናኝ በቀር ምንም አልነበረም። ያ የ1958 ሲሊንደርና ብሮንዚን ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ካርቶኑ ላይ “1958፣ የፈረንጅ፣ ኮሎ 50፣ ምት 64” ተብሎ ተጽፎበታል።