ኪራዩ ረከሰ፣ አየሩስ? አዲስ አበባ ላይ ቤት ከመያዝ በፊት

ቤት ፈላጊ ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድረው ሰፈርን ከሰፈር ነው፦ ጀሞ ይሻላል ሰሚት፣ ኮዬ ፈጬ ይሻላል ጎተራ። ለኪራይ ይህ ያስኬዳል። ለአየር ግን ሰፈር በጣም ሰፊ መለኪያ ነው። እዚያው አንድ ሰፈር ውስጥ፣ አስፋልት ላይ በተሠራ ቤትና ሁለት መቶ ሜትር ገባ ብሎ ባለ ቤት መካከል ያለው የአየር ልዩነት በሁለት ሰፈሮች መካከል ካለው ሊበልጥ ይችላል። ደግነቱ ደላላው የሚያስወድደው አስፋልት ዳሩን ነው። ስለዚህ ወደ ውስጥ ሲገቡ ብዙ ጊዜ ኪራዩም ይቀንሳል፣ አየሩም ይሻላል። ብዙ ሰው ይህን ቅናሽ ሳያየው ያልፍና ርካሽ ቤት ፍለጋ ከተማው ጫፍ ድረስ ይሄዳል።

የመኪና ጭስ መንገዱ ዳር ወፍራም ነው። ትልቁ ቅናሽ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 100 ሜትሮች ውስጥ ሲሆን፣ ከ150 እስከ 300 ሜትር ሲደረስ መጠኑ ወደ አካባቢው የተለመደ ደረጃ ይወርዳል። ይህ በሜዳ መንገድ ነው። ዳገት ከሆነ ይብሳል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ ማየት ይበቃል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ያረጀ የናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ሲጨነቅ ነዳጁን አቃጥሎ አይጨርስም፣ የተረፈው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ታክሲ ተራ፣ አደባባይ፣ የትራፊክ መብራት አጠገብም እንዲሁ ነው፤ መኪና ቆሞ የሚነሳበት ቦታ ሁሉ ይቆጠር። ከባድ መኪና የሚበዛበትን የቃሊቲን መስመር በተመለከተ፣ ከዋናው መንገድ ቢያንስ 300 ሜትር ካልራቀ ባትይዙት እላለሁ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ፎቁ ራሱ ዋጋ አለው። ሊፍት በሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ የመጨረሻው ፎቅ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ደረጃው አድካሚ ነው፣ ውሃም በቀላሉ አይወጣለትም። በአየር በኩል ግን የመንገድ አቧራና የግቢው ጭስ ከሁሉ ያነሰ የሚደርሰው እዚያ ነው። ጉልበት ላለውና በርሜል ለሚያስቀምጥ ሰው ጥሩ ግብይት ነው። ከመያዛችሁ በፊት ግን ኮሚናሉ (የጋራ ማብሰያ ቤቱ) የትኛው ብሎክ ጋ እንደሆነ እዩ። እንጀራ በእንጨት የሚጋገርበት ኮሚናል ፊት ለፊት ያለ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ፣ ሰፈሩ የቱንም ያህል ነፋሻማ ቢባል፣ ከማለዳ ጀምሮ ጭስ ውስጥ ነው። ከሥር ዳቦ ቤት፣ ጥብስ ቤት፣ የመኪና ቀለም የሚረጭ ጋራዥ ወይም የሱቆች ጄኔሬተር ካለም እንደዚያው። ጄኔሬተሩ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የሚሠራው ብለው ያጽናኗችኋል። የጭስ ማውጫው ቱቦ ወደየትኛው መስኮት እንደዞረ ተመልከቱ።

አዳዲሶቹ ሳይቶች ጋ ዋናው ችግር ጭስ ሳይሆን አቧራ ነው፦ ፒስታ መንገድ፣ ሲኖትራክ፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ አንዳንዴም ድንጋይ መፍጫ። እዚህ ላይ ጊዜያዊውን ከዘላቂው መለየት ያስፈልጋል። ፒስታው ኮብልስቶን ሲነጠፍበት፣ ጎረቤት ያለው ግንባታ ሲያልቅ፣ የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ ሲጠናቀቅ አቧራው ይወርዳል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ኪራይ አስቀንሶ መግባት ብልህነት ነው። የድንጋይ ካባ፣ ፋብሪካ፣ የቆሻሻ መጣያ ግን ውላችሁ እስኪያልቅ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። አቧራው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። የግቢውን ሮቶ አናት፣ የመስኮቱን የውጭ ደፍና ከአጥሩ ሥር ያለውን ቅጠል በጣት ማበስ ይበቃል። ጣት ላይ የሚቀረው ቡናማና ሻካራ ከሆነ የመንገድ አፈር ነው፤ ጥቁርና ቅባት ያለው ከሆነ ናፍጣ ወይም የእንጨት ጥላሸት ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል።

ቤት የሚታይበት ሰዓት ሌላው ወጥመድ ነው። ደላላ ብዙ ጊዜ ቤት የሚያሳየው ከቀኑ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ ስለሚነሳ ጭሱ የሚበተነው ያኔ ነው። ማታ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከሥር ይተኛል፣ ሞቃቱ እንደ ክዳን ከላይ ይጫነዋል፣ የእራት ምድጃውና የመኪናው ጭስ መውጫ ያጣል። ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ስለሚወርድ ከእንጦጦ በኩል ወደ ታች ይፈስና ወንዝ ዳርና ረባዳ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። የወንዝ ዳር ቤት የሚረክሰው በመጥፎ ጠረኑ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ቤቱን ቀን ካያችሁት በኋላ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እንደገና ደግሞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ። ወሩም ለውጥ አለው። ነሐሴ ላይ የታየ ቤት ሁሉ ንጹሕ ይመስላል፤ ዝናቡ አቧራውን ያጥበዋል፣ ደቃቁ ጭስ ግን በክረምትም አይጠፋም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ብርድም ይፈትናል። ኅዳር 12 ቀን፣ በ1911 ዓ.ም. የነበረውን የኅዳር በሽታ ለማሰብ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ልማድ የሚውለው እዚሁ ወራት ውስጥ ነው፤ በዚያ ዕለት ማታ አንድ ሰፈር ጭሱን ምን ያህል እንደሚይዝ በዓይን ይታያል። የቀኑ ንፋስ በበጋ በብዛት ከምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ከጭስ ምንጩ በስተምዕራብ ያለው ቤት ነው የሚጎዳው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የምንተነፍሰው የቤታችንን አየር ብቻ አይደለም፤ ቢሮም መንገድም አለ። ደቃቁ ብናኝ፣ ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ በማይክሮግራም በሜትር ኩብ ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ለዓመት አማካይ 5፣ ለአንድ ቀን 15 ነው። ለስሌት ያህል ቢሮው 30፣ ታክሲ ውስጥና ፌርማታ ላይ 90 ነው እንበል። መሀል ከተማ አስፋልት ላይ ያለ ቤት 45 ቢሆንና 14 ሰዓት ቤት፣ 1 ሰዓት መንገድ፣ 9 ሰዓት ቢሮ ቢያልፍ የቀኑ አማካይ 41 ይሆናል። ከተማው ጫፍ ያለ ንጹሕ ቤት 20 ቢሆን፣ ነገር ግን መንገዱ 3 ሰዓት ቢፈጅና ለቤት 12 ሰዓት ቢቀር፣ አማካዩ 32.5 ነው። መሀል ከተማ ሆኖ ውስጥ ለውስጥ ያለው ቤት 28 ቢሆንና መንገዱ 1 ሰዓት ብቻ ቢሆን 31 ይመጣል። የሩቁ ቤት ንጹሕ አየር በወረፋና በሚኒባስ ተበላ። ከቤት ለሚሠራ ወይም ቀኑን ሙሉ ከልጅ ጋር ቤት ለሚውል ሰው ግን ውጤቱ ይገለበጣል፤ ለእሱ ሩቁ ቤት በግልጽ ያሸንፋል። የራሳችሁን ሰዓት አስገብታችሁ ሥሩት።

ገንዘቡም በዚሁ መንገድ ይታሰባል። የኪራይ ልዩነቱ በወር 4,000 ብር ነው እንበል። ርቀቱ ለአንድ ሰው በቀን 80 ብር ትራንስፖርት ቢጨምር፣ በ26 የሥራ ቀን 2,080 ብር ነው፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ከሠሩ 4,160። ቅናሹ አለቀ፣ ሰዓቱ ሳይቆጠር።

ስልክ ላይ ያለው የአየር አፕ ሰፈር ለማማረጥ አይረዳም። አጠገቡ መለኪያ ከሌለ የሚያሳየው ከሳተላይትና ከሞዴል የተገመተ ቁጥር ነው፤ ጀሞንና ገርጂን አይለይም። የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት የሚያሰራጨው ልኬት ነበር፣ እሱም በ2017 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ቆሟል። ሌላው ስሕተት አፑ የሚያሳየውን የአየር ጥራት ኢንዴክስ ከማይክሮግራም ጋር ማምታታት ነው፤ በአሜሪካኑ ኢንዴክስ 100 ማለት 35.4 ማይክሮግራም እንጂ 100 አይደለም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው በሌዘር የምትሠራ ትንሽ መለኪያ ቢያስመጣ ለብዙ ቤተሰብ ታገለግላለች። አጠቃቀሟ ቀላል ነው፦ ማታ ግማሽ ሰዓት በረንዳ ላይ፣ ከዚያ መስኮቱን ዘግቶ ግማሽ ሰዓት መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ሁለቱም ቦታ በደረት ከፍታ፣ ከምድጃ ርቆ። የውስጡ ቁጥር ከውጭው ጋር እኩል ከሆነ መስኮቱ ያስገባል ማለት ነው። ሁለት ድክመት አለባት፤ ጉም ባለበት የክረምት ጠዋት የውሃ ጠብታውን እንደ ብናኝ ትቆጥራለች፣ ሻካራውን የመንገድ አቧራ ደግሞ አብዛኛውን አታየውም። ስለዚህ ፒስታ ዳር ቁጥሯ ቢያምርም ጣታችሁን እመኑ።

ቤቱ ጥሩ ሆኖ መስኮቱ ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ በጥቂት ብር ይስተካከላል። የብረት መስኮት ፍሬም ዙሪያውን በስፖንጅ ቴፕ፣ የመስታወቱን ጠርዝ በሲሊኮን ማሸግ፣ መኝታውን ከመንገዱ ወደ ጓሮ በኩል ማዞር። አየር ማጣሪያ የሚገዛ ሰው የክፍሉን ስፋት ያስላ፦ 12 ካሬ ሜትር በ2.7 ሜትር ቁመት 32 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ አየሩ በሰዓት አምስት ጊዜ እንዲጣራ ማሽኑ በሰዓት ቢያንስ 160 ሜትር ኩብ ማጣራት አለበት። መለወጫ ፊልተሩ አገር ውስጥ ካልተገኘ አትግዙት፤ በዓመት ውስጥ ይደፈናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ፦ ከሰል የሚያነዱበትን ቤት አታሽጉ። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላም ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጣቱን አያቆምም፣ ማጣሪያውም አያስቀረውም። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ መብራት ከሌለ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይዋል፣ ይደር።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የማታውንና የጠዋቱን ጉብኝት ከፊርማው በፊት ጨርሱ፤ መስኮት ማሸጉን፣ የጄኔሬተሩን ቱቦ ማዞሩን አከራዩ “እናስተካክላለን” ካለም፣ ማን በምን ያህል ጊዜ እንደሚያስተካክለው ውሉ ላይ ይጻፍ።